ችግር መቼ ተፈታ ይባላል?

የሂሳብ ሊቅ፣ የኮምፒውተር ባለሙያና ነጋዴ ችግር ሲገጥማቸው የሚይዙት መንገድ ከውጭ ለሚያየው ይመሳሰላል። ትልቁን ችግር ይከፋፍላሉ፤ ቀደም ሲል የተፈታ ተቀራራቢ ችግር ያፈላልጋሉ፤ አንዳንዴም ከሚፈለገው ውጤት ተነሥተው ወደ ኋላ እየሄዱ መነሻውን ያገኛሉ። ይሞክራሉ፣ ይስታሉ፣ ያርማሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ሥራው «አለቀ» በሚባልበት ሰዓት ነው። የሂሳብ ሊቁ ማረጋገጫው ሲሟላ እጁን ይሰበስባል። የኮምፒውተር ባለሙያው የመልሱ ትክክለኛነት ብቻ አይበቃውም፤ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚደርስ ትክክለኛ መልስ ምንም አይፈይድለትም። ነጋዴው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ገንዘቡ፣ ጊዜው ወይም የሰዎቹ ትዕግሥት ሲያልቅ ነው። ችግሩ መፈታቱን አረጋግጦ የሚነግረው ዳኛ የለም።

ከዚህ ልዩነት ሁለት የቆዩ የፍልስፍና ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንድን መልስ መልስ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ችግሩ ራሱስ ፈቺው ከመምጣቱ በፊት ተለይቶ የተቀመጠ ነገር ነው ወይስ ፈቺው በከፊል የሚሠራው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ጥርት ብሎ ከተነሣባቸው ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ የፕላቶ «ሜኖን» ነው። ሜኖን ሶቅራጥስን እንዲህ ሲል ያፋጥጠዋል፦ ሰው ጨርሶ የማያውቀውን ነገር እንዴት ይፈልጋል? ድንገት ቢያገኘውስ የፈለገው ያው መሆኑን በምን ይለያል? የሚያውቀው ነገር ከሆነ ደግሞ መፈለጉ ትርፍ ድካም ነው። ሶቅራጥስ በክርክር ብቻ አይመልስለትም። ሂሳብ ያልተማረ አንድ የሜኖንን ባሪያ አስጠርቶ ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ ይሥልለታል። የካሬው ስፋት 4 ነው፤ ስፋቱ የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 8 የሚሆን ካሬ ጎኑ ስንት ነው? ልጁ ጎኑንም እጥፍ ያደርግና 4 ይላል፤ ስፋቱ ግን 16 ሆኖ ይገኛል። 3 ይላል፤ 9 ይወጣል። በመጨረሻ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በተሰመረው ሰያፍ መስመር ላይ የሚቆመው ካሬ ልክ 8 መሆኑን፣ በጥያቄ እየተመራ፣ ራሱ ያየዋል።

ፕላቶ ከዚህ ያወጣው ትምህርት ነፍስ ከመወለዷ በፊት ያወቀችውን ታስታውሳለች የሚል ነው። ታሪኩ ራሱ ግን ከዚያ ቀለል ያለ ነገር ያሳያል። ልጁ መልሱን አያውቅም፤ መመዘኛውን ግን ያውቃል። 4ም 3ም ስሕተት መሆናቸውን የተረዳው የወጣውን ስፋት ከ8 ጋር ስላመሳከረ ነው። የማይታወቅን ነገር መፈለግ የሚቻለው የተገኘው ነገር የሚፈተንበት ሚዛን አስቀድሞ በእጅ ካለ ነው። የሜኖን ወጥመድ በዚህ መንገድ ይፈታል፤ የሚፈታው ግን ሚዛን ላላቸው ችግሮች ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች መነጋገር የጀመሩት በጎነት በትምህርት ይገኛል ወይ በሚል ጥያቄ ነበር። በዚያ ጉዳይ ላይ ከመልሱ ጋር የሚመሳከር «8» የለም፤ ድርሰቱም በጎነት ምን እንደ ሆነ ሳይነግረን ያልቃል።

ሚዛኑ አስቀድሞ በታወቀበት በሂሳብ ዓለም የፍለጋው ጥበብ ቀድሞ ሥርዓት ያዘ። በአራተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ፓፖስ ከእርሱ በፊት የነበሩት የግሪክ ሊቃውንት ይሠሩበት የነበረውን መንገድ በሁለት ከፍሎ አስቀመጠው። በመጀመሪያው፣ የሚፈለገው ነገር እንደ ተገኘ ተቆጥሮ «ይህ እንዲሆን ምን መቅደም አለበት?» እየተባለ እስከ ታወቀ ነገር ድረስ ወደ ኋላ ይኬዳል። በሁለተኛው ያው መንገድ ተገልብጦ ከታወቀው ወደ ተፈለገው ይሄዳል። አንባቢ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ለተማሪ እንደ ሰማይ የሚርቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል፤ ፈቺው የተንከራተተበት መንገድ ተጠርጎ ጠፍቶ የተስተካከለው ብቻ ይቀርብለታል።

ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ስለ ዘዴ በሚናገረው ድርሰቱ አራት ደንቦች አወጣ፦ ግልጽ ሆኖ ያልታየን ነገር አለመቀበል፣ ችግሩን በተቻለ መጠን መከፋፈል፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል መሄድ፣ የቀረ ነገር አለመኖሩን ቆጥሮ ማረጋገጥ። ሁለተኛው ደንብ እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሥልጠና ክፍል ይደጋገማል። ላይብኒትስ ግን ደካማ ጎኑን ፈጥኖ አይቶታል፤ በምን በኩል እንደሚከፈል ካልተነገረ መከፋፈል ብቻውን አይረዳም፣ ያላዋቂ አከፋፈል ችግሩን እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። የአከፋፈል ጥበብ ደግሞ በደንብ መልክ የሚሰጥ አይመስልም። ችግሩ በየት በኩል እንደሚከፈል ማወቅ ብዙ ጊዜ ግማሽ መልሱን ማወቅ ነው።

ቡዳፔስት ተወልዶ በስታንፎርድ ያስተማረው ጆርጅ ፖሊያ በ1945 ችግር እንዴት እንደሚፈታ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ሲያሳትም ይህን ያውቅ ነበር። መጽሐፉ የሚታወቀው በአራቱ ደረጃዎች ነው፤ ችግሩን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ የተሠራውን ዞሮ ማየት። ደረጃዎቹ ለብቻቸው ግን የዴካርትን ደንቦች ያህል ባዶ ናቸው። ዋጋ ያለው በየደረጃው የተሰነቁት ጥያቄዎች ናቸው። የማይታወቀው የትኛው ነው? የተሰጠው ምንድን ነው? የሚያያይዛቸው ሁኔታ በቂ ነው ወይስ ትርፍ አለው? ይህ ካልተፈታ ከእርሱ ቀለል ያለ፣ ግን የሚቀራረብ ችግር አለ? ፖሊያ እነዚህን ሲጠይቅ መልስ አገኛለሁ ብሎ ቃል አይገባም። የሚያስተምረው የሚያዋጣ ግምት አወጣጥን ነው፤ ግምቱን ማረጋገጫው በኋላ ይፈርድበታል። ከአራቱ ደረጃዎች በብዛት የሚዘለለው አራተኛው ነው፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ ወደ ጥያቄው የሚመለስ ተማሪ ጥቂት ነው።

በዚያ አራተኛ ደረጃ ላይ ቆሞ ፍልስፍና የሠራበት የአገሩ ሰው ኢምሬ ላካቶሽ ነው። ላካቶሽ የፖሊያን መጽሐፍ ወደ ሃንጋሪኛ የተረጎመ ሲሆን፣ ለዶክትሬት ጥናቱ የመረጠውንም ርዕስ የጠቆመው ፖሊያ ነበር። ርዕሱ የኦይለር ቀመር ነው፤ ጠፍጣፋ ገጾች ባሉት ጠጣር ቅርጽ ላይ የጫፎቹ ብዛት ሲደመር የገጾቹ ብዛት፣ ሲቀነስ የጠርዞቹ ብዛት፣ 2 ይሆናል። ለኩብ 8 ሲደመር 6 ሲቀነስ 12፣ በእርግጥም 2 ነው። ላካቶሽ አንድ የትምህርት ክፍል በምናቡ ፈጥሮ መምህሩና ተማሪዎቹ በዚህ ቀመር ላይ እንዲከራከሩ ያደርጋል። መምህሩ ማረጋገጫ ያቀርባል። አንድ ተማሪ በውስጡ ሌላ ኩብ የሚያህል ባዶ ቦታ ያለው ኩብ ያመጣል፤ 16 ሲደመር 12 ሲቀነስ 24፣ ውጤቱ 4። ቀመሩ ፈረሰ? አንዱ «ይህ መቼ ጠጣር ቅርጽ ሆነ!» ብሎ ትርጓሜውን ያጠብባል። ሌላው ቀመሩ የሚሠራባቸውን ቅርጾች ለይቶ ሌሎቹን ያስወጣል። ሦስተኛው ማረጋገጫው ውስጥ ገብቶ የትኛው እርምጃ በዚህ ቅርጽ ላይ እንደማይሠራ ይፈልግና ያንን እርምጃ በቲዎረሙ ውስጥ ግልጽ ሁኔታ አድርጎ ይጽፈዋል።

ከክርክሩ የሚወጣው ነገር በሂሳብ ላይ ያለውን የተለመደ እምነት ይነቀንቃል። ጥያቄው ተለይቶ ተቀምጦ መልሱ ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ማረጋገጫው ጥያቄውን መለወጥ አልነበረበትም። እዚህ ግን ጠጣር ቅርጽ ምን እንደ ሆነ በትክክል የታወቀው ስለ እርሱ ማረጋገጫ ተሞክሮ ከከሸፈ በኋላ ነው። በሜኖን ታሪክ ውስጥ ጸንቶ የቆመው «8» በሂሳብም ውስጥ አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መልሱ «አይቻልም» ይሆናል። አንድን ማዕዘን በኮምፓስና ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ ሦስት እኩል ቦታ መክፈል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲፈለግ ቆይቶ፣ በ1837 ፒየር ቫንጼል በጠቅላላው የማይቻል መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ዴቪድ ሂልበርት በ1900 ፓሪስ ላይ ለአዲሱ መቶ ዘመን የሚሆኑ ችግሮችን ሲያቀርብ የማይቻል መሆኑን ማረጋገጥም እንደ መፍትሔ እንደሚቆጠር ተናግሯል። ማንኛውም የሂሳብ ጥያቄ በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ እልባት ያገኛል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ካቀረባቸው ችግሮች አሥረኛው፣ መፍትሔያቸው በሙሉ ቁጥር የሚፈለግ እኩልታዎች መልስ እንዳላቸው ወይም እንደሌላቸው የሚለይ አንድ አጠቃላይ ስልት እንዲገኝ የሚጠይቅ ነበር። በ1970 ጁሊያ ሮቢንሰን፣ ማርቲን ዴቪስና ሂላሪ ፑትናም በጀመሩት መንገድ ሄዶ ዩሪ ማቲያሴቪች እንዲህ ያለ ስልት ሊኖር እንደማይችል አሳየ።

ማረጋገጫ የሚባለው ነገር ምን ማድረግ እንዳለበት ራሱ አከራካሪ የሆነው በአራቱ ቀለማት ጥያቄ ነው። ማንኛውም ካርታ የሚዋሰኑ አገሮች አንድ ቀለም ሳይጋሩ በአራት ቀለም ብቻ ሊቀባ ይችላል የሚለውን ግምት በ1852 ያነሣው ፍራንሲስ ገስሪ ነው። በ1879 አልፍሬድ ኬምፔ ማረጋገጫ አሳተመ፤ ለ11 ዓመት ያህል ትክክል ተብሎ ቆይቶ በ1890 ፐርሲ ሂውድ ቀዳዳውን አገኘ። በ1976 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን ጥያቄውን ወደ ሁለት ሺህ ገደማ ልዩ ልዩ ሁኔታዎች አውርደው፣ ከሺህ ሰዓት በላይ በፈጀ የኮምፒውተር ሥራ አንድ በአንድ አስፈተሿቸው። መልሱ «አዎ» ነበር፤ ግን ማንም ሰው ተቀምጦ ሊያነበው አይችልም።

ሁለት ዓይነት ቅሬታ ተነሣ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ቢደባለቁም የተለያዩ ናቸው። አንዱ የእርግጠኝነት ነው፤ ፈላስፋው ቶማስ ቲሞችኮ በ1979 ይህ ማረጋገጫ በሂሳብ ውስጥ የቤተ ሙከራ ዓይነት ማስረጃ አስገብቷል ሲል ተከራከረ። ይህኛው ቅሬታ በጊዜ ሂደት በጣም ቀንሷል፤ በ2005 ዦርዥ ጎንቲዬ ሙሉው ማረጋገጫ እርምጃ በእርምጃ በሌላ የማረጋገጫ ፕሮግራም እንዲጣራ አድርጓል። ሁለተኛው የማስተዋል ቅሬታ ነው፤ አራት ቀለም እንደሚበቃ ታውቋል፣ ለምን እንደሚበቃ ግን አንባቢው አልተረዳም። ይህኛውን ፈጣን ኮምፒውተር አያስወግደውም። ከማረጋገጫ የሚጠበቀው እርግጠኝነት ብቻ ከሆነ ችግሩ ተፈቷል፤ ብርሃንም የሚጠበቅ ከሆነ ገና ነው።

ሳያስተውሉ በትክክል መፍታት ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራበትና በትውፊት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ ሥራ የሚባለው፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ የተሟላ ስልተ ቀመር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለ2016 ዓ.ም. ቢሠራ፣ 5500 ሲደመር 7516 ይሆናል፤ ለ19 ተካፍሎ ቀሪው 11 ነው፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 190፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 10 ቀዳሜ ነበረ፤ የቀዳሜ ተውሳክ 8 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 18። ነነዌ የካቲት 18 ገባች፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ይህን የሚያሰላ ተማሪ ጨረቃና ፀሐይ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀድሞ አቀማመጣቸው መመለሳቸውን ባያውቅ እንኳ አይሳሳትም። ማስተዋሉ በደንቡ ውስጥ ተቋጥሯል፤ የፈታው ደንቡን ያወጣው ነው፣ የሚያሰላው የተፈታውን ይፈጽማል።

አላን ቱሪንግ በ1936 የሠራው ትልቅ ነገር ይህንኑ ልዩነት ጥርት አድርጎ መተርጎም ነበር። ስልተ ቀመር ማለት፣ ምንም ማስተዋል ሳይጠየቅ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ደንቡን ብቻ በሚከተል ጸሐፊ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው ብሎ ከዚያ ተነሣ። በዚህ ትርጓሜ ማንኛውም ማሽን ሊፈታቸው የማይችሉ ችግሮች መኖራቸውን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የኮምፒውተር ጥናት በሜኖን ጥያቄ ላይ አዲስ ነገር ጨመረ፤ ዋጋ።

አንድ ሻጭ 20 ከተሞችን አንድ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን አጭር መንገድ ይፈልጋል እንበል። ሊሄድባቸው የሚችሉት ዙሮች ከ60 ሺህ ትሪሊዮን በላይ ናቸው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ዙር የሚፈትሽ ማሽን ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከተሞቹ 25 ቢሆኑ ያው ማሽን ወደ አሥር ሚሊዮን ዓመት ያስፈልገዋል። በመርሕ ደረጃ ችግሩ ተፈቷል፤ ሁሉንም መፈተሽ መልሱን ያመጣል። ለሻጩ ግን ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1954 ዳንትዚግ፣ ፉልከርሰንና ጆንሰን የ49 ከተሞችን አጭር መንገድ በብልኀት አገኙ፤ በ2006 ደግሞ 85,900 ነጥቦች ያሉት አንድ ጥያቄ ተፈቷል። ኒኮስ ክሪስቶፊደስ በ1976 ያሳየው ግን ለፍልስፍናው ይበልጥ ይስባል። ርቀቶቹ የተለመደውን የርቀት ሕግ (በሌላ ከተማ ዞሮ መሄድ ከቀጥታው መንገድ አያጥርም) እስከ ጠበቁ ድረስ፣ ከአጭሩ መንገድ ከአንድ ተኩል እጥፍ የማይበልጥ ዙር በፍጥነት ማግኘት ይቻላል። እዚህ ላይ መልሱ ትክክለኛው አይደለም፤ ከትክክለኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ግን በማረጋገጫ ታውቋል። ስሕተቱ ራሱ ዋስትና አለው።

በ1971 ስቲቨን ኩክ፣ በቀጣዩ ዓመትም ሪቻርድ ካርፕ ጥርት አድርገው ያስቀመጡት ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ቀርቦ ሲታይ ትክክል መሆኑ በፍጥነት የሚረጋገጥ መልስ ያለው ችግር ሁሉ፣ መልሱ በፍጥነት ሊገኝም ይችላል ወይ? ክሌይ የሂሳብ ተቋም በ2000 አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያስቀመጠለት ይህ ጥያቄ እስካሁን አልተፈታም። አብዛኞቹ ባለሙያዎች «አይቻልም» ወደሚለው ያዘነብላሉ። ይህ በመሠረቱ የሜኖን ጥያቄ ነው፤ መልሱን ሲያዩት ማወቅና መልሱን ማግኘት ምን ያህል ይራራቃሉ?

ጥያቄውን ማን በየትኛው ሁኔታ እንዳቀረበው መርሳት የሚያስከትለውን ደግሞ ጁን 4 ቀን 1996 የተነሣው አሪያን 5 ሮኬት አሳይቷል። አቅጣጫ የሚጠብቀው ሶፍትዌር ከቀድሞው አሪያን 4 የተወሰደ ሲሆን እዚያ ያለ ችግር ሠርቷል። አዲሱ ሮኬት ግን በአግድም የሚፈጥነው ከቀድሞው ይበልጥ ነበር፤ ቁጥሩ ከ32,767 በላይ ሊይዝ በማይችል ቦታ ውስጥ ሊገባ ሲል ፕሮግራሙ ቆመ። ሮኬቱ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ጠፋ። የሚያስገርመው፣ ያ የፕሮግራሙ ክፍል በአሪያን 5 ላይ ከተነሣ በኋላ ምንም ሥራ አልነበረውም። ስሌቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚመልሰው ጥያቄ ነው። መልስ ከጥያቄው ተነቅሎ ብቻውን ትክክል አይባልም።

በሦስቱም መስክ እኩል እግር የነበረው ሰው ኸርበርት ሳይመን ነው። በ1956 ከአለን ኒውልና ከክሊፍ ሾው ጋር የሠራው ፕሮግራም የራስልና የዋይትሄድ ታላቅ የሎጂክ መጽሐፍ ከያዛቸው የመጀመሪያዎቹ 52 ቲዎረሞች 38ቱን አረጋግጧል። ቀጥሎ የመጣው ፕሮግራም ማንኛውንም ችግር በአንድ መልክ ይይዝ ነበር፤ ያለው ሁኔታ፣ የሚፈለገው ሁኔታ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት፣ ልዩነቱን የሚቀንስ እርምጃ። በእንቆቅልሾች ላይ ሠርቷል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ከውጭ ይሰጠው ነበር፤ ሁኔታዎቹ፣ እርምጃዎቹና የሚፈለገው ግብ በሰው ተለይተው ይጻፉለታል። ለፍልስፍናው ከባድ የሆነው ሥራ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት አልቋል ማለት ነው።

የሳይመን ሌላው ሥራ በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ነው። የድርጅት ኃላፊ ካሉት አማራጮች ሁሉ የተሻለውን መርጦ ይወስናል የሚለውን የቆየ ግምት አልተቀበለም። አማራጮቹ ተዘርዝረው አይቀርቡለትም፤ መፈለጉ ራሱ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ሰው ለራሱ «ይህን ያህል ከሆነ ይበቃል» የሚል ልክ ያወጣና ልኩን ያሟላው የመጀመሪያ አማራጭ ላይ ያቆማል። መፈለጉ ቀላል ሲሆን ልኩ ከፍ ይላል፤ አልገኝ ሲል ዝቅ ይላል። ይህን ስንፍና ብሎ መናቅ ይቀላል፤ ነገር ግን የፍለጋው ወጪ ሲታሰብ «ከሁሉ የተሻለ» የሚለው አባባል ራሱ ጽናቱን ያጣል። የሚከብደው ሌላ ነው። በሜኖን ታሪክ ልጁ ድካሙ ሲበዛበት 8ን ወደ 9 ዝቅ ማድረግ አይችልም ነበር። ነጋዴው ይችላል፤ ያደርገዋልም። መመዘኛው በፍለጋው ወቅት ከተንቀሳቀሰ፣ በመጨረሻ የተፈታው ችግር መጀመሪያ የተነሣው ነው ማለት አይቻልም።

የሥራ አመራር ትምህርት ይህን ክፍተት በብዙ ዘዴ ለመሙላት ሞክሯል። ከእነዚህ የታወቀው የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ያስፋፋው አምስት ጊዜ «ለምን?» ማለት ነው። የእርሱ ምሳሌ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ቆመ፤ ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ስለ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ቅባት ስላላገኘ። ለምን? ፓምፑ በሚገባ ስላልሳበ። ለምን? ዘንጉ ስለ ተበላ። ለምን? ማጣሪያ ስላልተገጠመለት የብረት ፍቅፋቂ ስለ ገባበት። ፊውዝ ቀይሮ ከመሄድ ማጣሪያ መግጠም እንደሚሻል ማንም ይስማማል። ዘዴው የማይናገረው ግን አለ። ምክንያት በአንድ መስመር አይሄድም፤ በየ«ለምን»ው ብዙ መልስ አለ። ማጣሪያ ለምን አልተገጠመም ቢባል ግዥ ክፍሉ፣ በጀቱ፣ የማሽኑ ሻጭ ይመጣሉ። አምስተኛው ላይ የሚቆመው ምክንያቱ ስላለቀ አይደለም፤ ፋብሪካው ነገ ጠዋት ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ስለ ተገኘ ነው። «ዋናው ምክንያት» የተባለው የሚመረጠው ሊሠራ በሚቻለው ነገር መጠን ነው።

የሥራ አመራር ሊቁ ራስል አኮፍ ከዚህም አልፎ ሄደ። በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ኃላፊዎች የሚገጥማቸው ተለይቶ የተቆረጠ ችግር ሳይሆን የተጠላለፈ ምስቅልቅል ነው ሲል የሙያ ባልደረቦቹን ወቀሰ፤ ችግር የሚባለው ከዚያ በትንተና ተቆርጦ የሚወጣ ነገር ነው። በሥራ አመራር ትምህርት ቤቶች ደጋግሞ የሚነገረው የሊፍት ታሪክ ነጥቡን ያሳያል። ተከራዮች ሊፍቱ ዘገየ ብለው ያማርራሉ፤ መሐንዲሶቹ አዲስ ሊፍት ውድ መሆኑን ያሰላሉ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው መጠበቂያው ቦታ ላይ መስታወት እንዲሰቀል ይመክራል፤ ተከራዮቹ ራሳቸውን እያዩ ሲጠብቁ ሮሮው ይቀራል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ለመደነቅ ይነገራል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ያልፋል። ችግሩ የጊዜው ርዝመት ነበር ወይስ መሰልቸቱ? መሰልቸቱ ከሆነ ተፈቷል። ለሥራ የሚጣደፍ ሰው ሊፍቱ በዘገየበት ደቂቃ የሚያጣው ነገር ካለ ግን የተፈታው የባለ ሕንፃው ችግር እንጂ የእርሱ አይደለም። ችግሩን የሰየመው ሰው የመልሱንም መመዘኛ ወስኗል።

ጆን ዱዊ በ1938 ይህን ጉዳይ በፍልስፍና ቋንቋ አስቀድሞ አስቀምጦት ነበር። በእርሱ አባባል መጀመሪያ ያለው ያልተረጋጋና ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ነው፤ ያ ሁኔታ ችግር የሚሆነው ሰው ሊመረምረው ሲነሣና መልክ ሲሰጠው ነው። በደንብ የተቀመጠ ችግር ለዱዊ የምርመራው መነሻ ሳይሆን የምርመራው የመጀመሪያ ፍሬ ነው።

በ1973 ሁለት ጽሑፎች ይህንን ክርክር በተቃራኒ አቅጣጫ ጎተቱት። ሳይመን በደንብ በተቀመጡና ባልተቀመጡ ችግሮች መካከል የጠራ ወሰን የለም ሲል ጻፈ። የቤት ንድፍ የሚሠራ አርክቴክት ሲጀምር ምን እንደሚፈልግ በቅጡ አያውቅም፤ እየሠራ ሲሄድ ግን በየጊዜው የሚይዘው ቁራጭ ሥራ በደንብ የተቀመጠ ችግር ነው። ቼዝ እንኳ፣ ከአንድ እርምጃ ይልቅ ጨዋታው በሙሉ ሲታይ፣ ያን ያህል በደንብ የተቀመጠ አይደለም። በዚያው ዓመት የበርክሌዮቹ ሆርስት ሪተልና ሜልቪን ዌበር በዕቅድ ሥራ የሚገጥሙ ማኅበራዊ ችግሮች ከሂሳብና ከቼዝ ችግሮች በዓይነታቸው ይለያሉ ብለው አሥር መለያ ዘረዘሩ። ከእነዚህ ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ፤ ፈቺው የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ደንብ የለም፣ እያንዳንዱ ሙከራም የማይመለስ ዱካ ትቶ ያልፋል።

ሳይመን ስለ አጀማመሩ ትክክል ነው። የላካቶሽ ተማሪዎች እንዳሳዩት ሂሳብም ሙሉ በሙሉ ከተሰጠ ጥያቄ አይነሣም፤ የመጠን ጉዳይ ካልሆነ በቀር በሦስቱ መስኮች መካከል ግንብ የለም። ስለ አጨራረሱ ግን የሪተልና የዌበር ነጥብ ይጸናል። የኬምፔ የተሳሳተ ማረጋገጫ 11 ዓመት ሲቆይ ማንም ሰው አልተጎዳበትም፤ ሂውድ ቀዳዳውን ሲያገኝ ሁሉም ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና መጀመር ቻለ፤ ከኬምፔ ስልት የተወሰደ ነገርም ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በእነ አፔል ሥራ ውስጥ ገባ። ቅርንጫፉን ዘግቶ ሠራተኞቹን ያሰናበተ ኩባንያ ባይዘጋው ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ የሚያመሳክርበት ሁለተኛ ገበያ የለውም። በቀጣዩ ዓመት ትርፉ ቢጨምር ከመዝጋቱ ይሁን ከሌላ ነገር በእርግጠኝነት አይለይም፤ ቢሳሳትም የተበተኑት ሰዎች፣ ወደ ሌላ የሄዱት ደንበኞችና የተሸጡት ማሽኖች ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ውሳኔው የለወጠው ዓለም ቀጣዩ ጥያቄ የሚነሣበት ዓለም ይሆናል፤ ኃላፊው ያንን ጥያቄ ሲይዝ የቀድሞው ችግር ተፈትቶ ይሁን ተለውጦ የሚያረጋግጥበት መንገድ በእጁ የለም።